ምክረ አበው እንደ ምን ይነበብ? ስለ በየዳና ስለ ደባርቅ የኑሮና የገንዘብ ምክር የቀረበ ሒስ

አባት ለወንድ ልጁ፣ እናት ለሴት ልጇ ስለ ኑሮና ስለ ገንዘብ የሚሰጡት ምክር በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ይዞ ኖሯል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ያሳተሙት «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ከዚያም ወዲህ የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስቦች፣ የትምህርት ቤት የንባብ መጻሕፍት፣ የራዲዮ ዝግጅቶችም ሳይቀሩ «አባቶቻችን እንዳሉት» በሚል መግቢያ ይህንኑ ምክር ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ምክሩ ብዙ ጊዜ ተጻፈ፣ ብዙ ጊዜም ተመሰገነ እንጂ፣ ራሱን የቻለ የዕውቀት ሥርዓት ነው ተብሎ እምብዛም አልተመረመረም።

ስለዚሁ ምክር የሚናገሩት ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ አመስጋኞች ናቸው፤ ለእነርሱ ምክረ አበው ጊዜ የማይሽረው ጥበብ ስለ ሆነ ሰብስቦ ማተም ብቻ ይበቃል። ሁለተኞቹ ነቃፊዎች ናቸው። እነዚህ ደግሞ በየስብሰባውና በየባንኩ ማስታወቂያ «የቁጠባ ባህል የለንም» የምትለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ይደጋግሟታል፤ ገበሬው ያገኘውን ለድግስና ለተዝካር የሚበትን፣ ለነገ የማያስብ ሰው መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ይቈጥሩታል። በአሳባቸው የተራራቁ ቢመስሉም ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት ስሕተት አንድ ነው፤ ቃሉን ከተነገረበት ቤት ነጥለው ያነቡታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ቃሉን ወደ ቤቱ መልሶ ማንበብ ነው። ለዚሁም የሰሜንን ደጋ፣ ይልቁንም በየዳን፣ ደባርቅንና ዳባትን መርጠናል። ምክንያቱም በዚያ አገር ምክርና ኑሮ እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፤ የተሳሳተ ምክር በአንድ ክረምት ውስጥ ቤት ያፈርሳል።

የአገሩን ጠባይ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በየዳ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ትከሻና ግርጌ የተዘረጋ ወረዳ ነው፤ መዲናው ድል ይብዛ ይባላል። ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትንና ደባርቅን አቋርጦ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ትግራይ የሚወርደው ዋና መንገድ በየዳን ሳይነካው ያልፋል። በላይኛው ደጋና በውርጩ ምድር ከገብስ በቀር የሚያስተማምን እህል የለም፤ «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚባለውም በዚያ አገር ውዳሴ ብቻ አይደለም። ማሳው ተዳፋት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ ውርጩም ያልታሰበ ነው። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድርና ሰሜን ተዘዋውረው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦችና ኑሮ በሚናገረው መጽሐፋቸው እህሉን፣ ከብቱንና የእርሻ መሣሪያውን አንድ በአንድ መዝግበዋል። መጽሐፉ ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሞፈርና ቀንበሩን ስለ መዘገበ፣ ሞፈሩን የሚያዋርሰው ሰው ለልጁ ምን እንደሚለው በውስጡ አይገኝም። ምክሩን የሰበሰቡት ደግሞ ሞፈሩን አላዩም። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ።

ከኅሩይ መጽሐፍ እንጀምር። የመጽሐፉ አርእስት ብቻውን አንድ ትምህርት ይሰጣል። ምክሩ ለልጅ፣ መታሰቢያው ግን ለአባት ነው። እንግዲህ ምክር የሚሰጠው ሰው ከምክሩ የሚጠቀመው ነገር አለ ማለት ነው፤ ልጁ ምክሩን ሲፈጽም የአባቱ ስም ይቆማል። አመስጋኞቹ ይህን ግልጽ ነገር አልፈውት ይሄዳሉ። አባት ሲመክር የልጁን ጥቅም ብቻ ሳይሆን የገዛ ስሙን፣ የገዛ እርጅናውን፣ ከሞተም በኋላ የገዛ ተዝካሩን ጭምር ያስባል። በሰሜን ደጋ ለሚኖር ገበሬ የጡረታ ደመወዝ አልነበረም፤ ጡረታው ልጁ ነው። ስለዚህ «ቤትህን ያዝ፣ ከአገርህ አትራቅ» የሚል አባት የሚናገረው ስለ ልጁ ኑሮ ነው ወይስ ስለ ራሱ? መልሱ ስለ ሁለቱም ነው፤ ይህንም መናገር አባትን ማማት አይደለም። ኅሩይ ራሳቸው ውጭ አገር የተመላለሱ፣ መንግሥትን ያገለገሉ፣ በማተሚያ ቤት ሥራ የታወቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ በመጽሐፋቸው የሚታየው ልጅ ተምሮ ከሹማምንት ጋር የሚውል የከተማ ልጅ ነው። በሬውን ሲያቀናጅ የሚውል የበየዳ ልጅ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ቢፈልግ በጭንቅ ነው የሚያገኘው። ሴት ልጅማ ይበልጡን ተረስታለች፤ ወደ እርሷ ኋላ እንመለሳለን።

አሁን አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር ወስደን በቦታው እናንብብ። «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። በስብስቦች ውስጥ የሚሰጠው ፍቺ ዘወትር አንድ ነው፤ ሞኝ ለጊዜው ደስታ ያስባል፣ ብልህ ወደ ፊት ያያል ይላሉ። ፍቺው ሐሰት አይደለም። ግን ስለ ምን ጨው ሆነ? ስለ ምን ማር ወይም ቅቤ አልሆነም? ከአፋር ምድር የሚቈረጠው አሞሌ በግመልና በአህያ ወደ ትግራይ ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያም በሊማሊሞ አቀበት ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር ገበያ ይጓዝ ነበር። አሞሌ እስከ ሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ድረስ ገንዘብ ነበር። እህል ይገዛል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ከጠገራ ብር ጋርም ይመነዘራል። ዋጋው ከጨው መቈፈሪያው በራቀ መጠን ይጨምራል፤ እርጥበት ከነካው ደግሞ ይቀልጣል፣ ጫፉ ከተሰበረ ይረክሳል። ስለዚህ በዚህ የንግድ መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው የጨው ተራራ ማለት የገንዘብ ክምር ማለት ነው። የተናደ ጨው የሚላሰው ገንዘብነቱ ቀርቶ ምግብ ብቻ ሲሆን ነው። ሞኙ የሚደሰተው ዋናውን ገንዘብ መብላት የጀመረ መሆኑን ስላላወቀ ነው፤ ብልሁም የሚያለቅሰው የሚበላና የሚሠራበት ሀብት መለየት እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። በዘመናዊ የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት ካፒታልን ከፍጆታ መለየት የሚባለው ይኸው ነው። «የቁጠባ ባህል የለንም» የሚሉት ሰዎች ይህን ቃል በሕፃንነታቸው ሰምተውት አድገዋል፤ ስለ ጠባይ የተነገረ መስሏቸው ነው እንጂ ስለ ገንዘብ የተነገረ መሆኑን አላስተዋሉትም።

ነቃፊዎቹ በተለይ የሚመረኰዙበት ሌላው ነገር የምክሮቹ እርስ በርስ መጣረስ ነው። «ብድር በምድር» ይላል አንዱ፤ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይላል ሌላው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይላል አንዱ፤ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል ሌላው። የትኛው ነው ትክክለኛው ምክር? ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ «ብድር» የሚለው የአማርኛ ቃል የገንዘብ ብድርን ብቻ አይናገርም፤ የደግነትን ምላሽ፣ የክፋትንም በቀል ያጠቃልላል። «ብድሩን መለሰ» የተባለ ሰው ብር ከፍሎ ወይም ሰው ገድሎ ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ገንዘብን ከሌላው የሰው ለሰው ግንኙነት ለይቶ አላስቀመጠውም። ሁለተኛም ምክር የሚነገረው ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ነው። ጎረቤቱ በሬ ሞቶበት መቀናጆ ሲለምነው እምቢ ያለውን ልጅ አባቱ «ብድር በምድር» ይለዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ለዘመድ እያበደረ ያለቀሰውን ልጅ ደግሞ «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይለዋል። ሐኪም ለአንዱ ትኵሳት የሚያበርድ፣ ለሌላው የሚያሞቅ መድኃኒት ቢሰጥ ዕውቀቱ ይጣረሳል አንልም። ስብስቦቹ ግን ምክሮቹን በፊደል ተራ ስለሚያሰልፏቸው በሽተኛው ጠፍቶ መድኃኒቱ ብቻ ይቀራል።

መቀናጆን ካነሣን አይቀር ጥቂት እንቈይበት። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ» የሚለው ቃል የትም አይደረስም ማለቱ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በጎረቤቱ አንድ በሬ ካላቀናጀ ማረስ አይችልም፤ ተራ በተራ የአንዱንም የሌላውንም ማሳ ያርሳሉ። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ጥናታቸው ላይ ተመሥርተው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ የአማራ ገበሬ በጥርጣሬ የሚኖር፣ ለራሱ እንጂ ለማኅበር ሥራ የማይመች ሰው መሆኑን ወደ ማሳየት ያዘነብላሉ። መጽሐፉ ብዙ የከበረ ነገር ያለበት ነው፤ ይህ ፍርዱ ግን በግማሽ ዐይን የታየ ይመስለናል። ወንፈልና ደቦ፣ መቀናጆ፣ የርቢ ከብት፣ የእኩል እርሻ፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ እነዚህ ሁሉ የሚቆሙት በትብብር ነው። ጥርጣሬውም ቢሆን እውነት ነው። ላሙን ለርቢ የሰጠ ሰው ጥጃዋ ሞተች ቢሉት ቆዳዋን አሳዩኝ ይላል። ግን ተጠራጣሪነቱ ትብብሩን የሚያፈርሰው ሳይሆን የሚጠብቀው ነው። ውል በወረቀት በማይጻፍበት አገር አባት ለልጁ የሚያወርሰው የማመንን ዘዴና የመጠርጠርን ዘዴ በአንድነት ነው። ሌቪን የሁለተኛውን ብቻ አዩ።

ወደ ሴት ልጅ እንመለስ። የገንዘብ ምክር ከአባት ብቻ የሚመጣ የሚመስለው መጽሐፍ ጻፊዎቹ ወንዶች ስለ ነበሩ ነው። በእውነቱ ግን በገበሬ ቤት ጥሬ ገንዘብ ዘወትር የሚያልፈው በእናት እጅ ነው። ዶሮውና እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ጠላውና አረቄው፣ ፈትሉም ከሴቲቱ ይወጣል፤ የሚገኘውም ሳንቲም በመቀነቷ ጫፍ ይቋጠራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ቃል አሁን ከተሜው ለትዕግሥት ብቻ ይጠቅሰዋል። በመቀነት ለሚቋጠር ኑሮ ግን ቃሉ ራሱ የሒሳብ መንገድ ነው። እንቁላሉ አይሸጥ፤ ይታቀፍ። ጫጩቱ ዶሮ ሲሆን ይሸጥና በግ ይገዛ፤ በጎቹ ሲበዙ ጊደር ይገኛል። በየደረጃው የሚያስፈልገው አለመብላት ነው፤ በየደረጃውም የሚጠብቀው አደጋ የተለያየ ነው፤ ለጫጩት ጭልፊት፣ ለበግ ቀበሮና ውርጭ፣ ለጊደር የመኖ እጦት። እናት ለልጇ የምትነግራት መቼ ወደሚቀጥለው ደረጃ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወረድ ነው። መውረዱን ማወቅ ከመውጣቱ አያንስም። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ ዶሮውን፣ ቀጥሎ በጉን፣ በመጨረሻ ላሟን፣ የእርሻ በሬውን ግን ፈጽሞ አለመሸጥ የሰሜን ገበሬ የሚከተለው ሥርዓት ነው፤ በሬው ከተሸጠ የሚቀጥለው ዓመት ተሸጠ ማለት ነውና።

ይህ ብቻ አይደለም። በሰማንያ ጋብቻ ባልና ሚስት ሲለያዩ አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ ከወላጆቿ ቤት ማጫ ይዛ የምትወጣ ሴት የትኛው ከብት ከእርሷ ወገን እንደ መጣ፣ የትኛው ከጋብቻ በኋላ እንደ ተወለደ መቍጠር አለባት። እናቷ ይህን ሒሳብ ታስተምራታለች፤ ሽማግሌ ፊት በቃል ለመመስከር በሚያመች አኳኋን፣ የላሟን ቀለምና የተወለደችበትን ክረምት እየጠሩ። በጽሑፍ የተያዘ የገንዘብ መዝገብ የሌለው ቤት መዝገብ የለውም ማለት ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ከስብስቦቻችን ውስጥ ይህን የእናት ምክር የያዘ አንድ ምዕራፍ ቢገኝ ከመቶ የጀግንነት ተረት ይልቅ ለጥናት በጠቀመ ነበር።

የገንዘብ ምክር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚነገረው ደግሞ ማንም ሰብሳቢ በማይቀመጥበት ሰዓት፣ ማለት በኑዛዜ ጊዜ ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ ከማን ምን ያህል እንዳለው፣ ለማን ምን ያህል እንዳለበት፣ የርቢ ላሙ በማን ቤት እንዳለች፣ የተዋሰው ጥማድ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ቃል ሕይወቱን የሚያገኘው በዚህ አልጋ ዳር ነው። ልጁ የሚወርሰው ሀብትን ብቻ ሳይሆን የግንኙነትን መረብ ነው፤ የተበደረበትም ያበደረበትም ቤት አብሮ ይወረሳል። አባት ዕዳውን ሳይናዘዝ ቢሞት የሚያፍረው ልጁ ነው፤ ተናዝዞ ልጁ ባይከፍል ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ዘር የሚያበድረው ሰው አያገኝም። እዚህ ላይ ሃይማኖትና የብድር ታማኝነት አንድ ሆነው ይሠራሉ። ተዝካርም ቢሆን፣ ነቃፊዎች እንደ ባዶ ብክነት ያዩት ተዝካር፣ የሟች ቤት ዕዳውን የሚከፍል ቤት መሆኑን ለጎረቤት የሚያሳይበት አጋጣሚ ነበር። እርግጥ ነው፣ ብዙ ቤት በተዝካር ተጎድቷል፤ ለድግስ ሲባል በሬ የታረደበት ቤት ማረስ አልቻለም። በዚህ ነጥብ ነቃፊዎቹ ያሉትን አንክድም። ነገር ግን ጎጂ ነው ለማለት መጀመሪያ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ይገባል።

ስለ ርስት የተሰጠው ምክር ሌላ ዕጣ ደረሰበት። አለን ሆቤን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዳሞት ጥናታቸው እንዳሳዩት ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚጠየቅ መብት ነበር፤ የሚያገኘውም ዝም ብሎ የተቀመጠ ወራሽ ሳይሆን ትውልዱን የሚቈጥር፣ ሽማግሌ የሚያሳምን፣ ለክርክር የማይታክት ሰው ነበር። ስለዚህ አባት ልጁን ሰባት ቤት ድረስ አያት ቅድመ አያቱን ማስቈጠሩ የጨዋነት ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ማግኛ መሣሪያ ማውረስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ይህ መሣሪያ በአንድ ቀን ዋጋውን አጣ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ድልድልም ሌላ መለኪያ መጣ። ከዚያ ወዲህ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የአያት ቈጠራ ስፍራ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ምክሩ አልሞተም። ስለ መሬት የነበረው ቃል ቀስ በቀስ ስለ ትምህርት መነገር ጀመረ፤ ማሳው ለሁሉ ልጅ እንደማይበቃ የተረዳ አባት አንዱን ልጅ ደባርቅ ወይም ዳባት ትምህርት ቤት አስገብቶ «ርስትህ ይህ ነው» ይለዋል። ቃሉ ያው ነው፤ ዕቃው ተለወጠ። ምክረ አበው የማይለወጥ ነው የሚሉ አመስጋኞች ይህን መለዋወጥ እንደ ብርዝ ይቈጥሩታል፤ ለእኛ ግን ምክሩ ሕያው መሆኑን የሚያሳይ ዋና ምልክት ይኸው ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ እናንሣ። ምክሩ እውነት ይሠራል ወይ? አመስጋኞቹ «ባይሠራ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልደረሰ» ይላሉ። ይህ ክርክር ቀዳዳ አለበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን ዘመን የከብት በሽታ የኢትዮጵያን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ በሬ ያለው አልተገኘም፣ ማሳው ጠፍ ሆነ፣ ረኃብም ገባ። ሀብትህን ከብት አድርግ የሚለውን ምክር በታማኝነት የፈጸመ ቤት በዚያ ዘመን በአንድ ወር ውስጥ ደኸየ። በጎታና በጉድጓድ እህል ያከማቸ ሰው ግን ምናልባት ዳነ። ታዲያ ለልጅ ልጅ ምክር ያወረሰው ማን ነው? የዳነው ነው። ያለቀው ቤት ምክር ከቤቱ ጋር አልቋል። ስለዚህ ወደ እኛ የደረሰው ምክር ሁሉ የተረፉት ሰዎች ምክር ነው፤ የተረፉትም በምክራቸው ይሁን በዕድላቸው ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ መከራ ግን ምክሩን የሰማውንም መክሯል። በ1977ቱ ረኃብም፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜም፣ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በበየዳ፣ በጃን አሞራና በጠለምት ድርቅ ከብት በፈጀ ጊዜም ይኸው ታየ። የምክር ሰብሳቢ ከቃሉ ጎን ቃሉ ያልሠራበትን ጊዜ ካልመዘገበ ጥናት ሳይሆን ውዳሴ ነው የጻፈው።

በዚህ ሚዛን የቅርቡን የገንዘብ ታሪክ ብንመዝነው ደግሞ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። የሰሜን ገበሬ ለብዙ ዘመን የሚያምነው ገንዘብ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበትን፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ መንግሥት ወረቀቱን ብቻ አልሰጠም፤ ባለ 50 ሳንቲሙን ከብር ማዕድን አሠርቶ ጨመረበት፤ ሕዝቡ ወረቀት እንደማያምን ያውቅ ነበርና። በዚያ ዘመን ጠገራውን ቀብሮ ያስቀመጠውን አባት ኋላ ቀር ያሉት ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖት መለወጡ ሲነገር፣ አሮጌው ኖት በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ካልተለወጠ ዋጋ እንደሌለው ታወጀ። ከመንገድና ከባንክ ርቆ ለሚኖር የበየዳ ሰው በቤቱ ያስቀመጠውን ኖት ተሸክሞ መውረድ ቀላል ነገር አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው በቍጥር ያው ነው፤ በመግዛት ኃይሉ ግን ተናደበት። ከዐሥር ዓመት በፊት ያንኑ ገንዘብ ጊደር ያደረገ ሰው ከብቱ ካልሞተበት ከባንኩ ደንበኛ ይልቅ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ቀብሮ የተረሳ ጠገራ እንኳ ዛሬ የብር ማዕድኑን ዋጋ ያወጣል። ስለ ቁጠባ ባህል ሲሰበክ ሰባኪው ይህን ሒሳብ አብሮ ቢያቀርብ መልካም ነበር። ባንክ ከጥቅሙ ውጭ ነው ማለታችን አይደለም፤ በጦርነት ጊዜ ከብት ይነዳል፣ ቤት ይቃጠላል፣ የባንክ ደብተር ግን በኪስ ይሸሻል። ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ቃል የማይታይ ሀብትን በመጠራጠሩ ድንቁርና ተብሎ ሊናቅ አይገባውም።

የምክሩን ጥንካሬና ድካም አንድ ላይ የሚያሳየው ግን የግጭ ነገር ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኞቹ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት እርሻና ግጦሽ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ተነሥታ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች በደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ፤ ለቤታቸውና ለይዞታቸውም ካሳ በጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የቅርስ ጠባቂዎቹ ደስታ የሚገባ ነው፤ ዋልያውም ቀይ ቀበሮውም የዓለም ሀብት ናቸው። ለእኛ ጥያቄ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በሕይወቱ ገንዘብን በመቀነት ጫፍ ሲቋጥር የኖረ ቤት በአንድ ቀን ትልቅ ገንዘብ ተቀበለ፤ ከብቱ ግን የሚግጥበት ሜዳ የለውም፣ ማሳውም የለም። አባቱ ከነገረው ምክር ሁሉ የትኛው ነው እዚህ የሚሠራው? እንቁላሉ በእግሩ የሚሄድበት ደረጃ ጊደሩ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። በሬ አትሽጥ የሚለው ትእዛዝ ትርጕሙን አጣ። «የጨው ተራራ ሲናድ» የሚለው ቃል ግን ከመቼውም ይልቅ ለዚያ ቀን የተነገረ ይመስል ነበር፤ መሬት ወደ ጥሬ ገንዘብ ሲለወጥ ሊላስ ከሚችል ጨው ሌላ ምን አለ?

እንግዲህ ከአባት የተወረሰው ምክር ሁለት ክፍል ያለው መሆኑ በግጭ ይገለጣል። አንዱ ክፍል ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ በሬ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ርስት። ይህ ከዕቃው ጋር ይሞታል። ሌላው ክፍል ስለ ሀብት ጠባይ ነው፤ ስለሚበላውና ስለማይበላው፣ ስለ ዕዳና ስለ እምነት፣ ስለ መውጣትና ስለ መውረድ ሥርዓት። ይህኛው ወደ አዲስ ዕቃ ሊሸጋገር ይችላል፤ ርስት ወደ ትምህርት እንደ ተሸጋገረ። ነገር ግን መሸጋገሩ በራሱ አይመጣም፤ አባት አዲሱን ዕቃ ማወቅ አለበት። በደባርቅ ለጎብኚዎች በቅሎ የሚያከራይ፣ መንገድ የሚመራ ወጣት አባቱ የማያውቀውን ገንዘብ ያገኛል፤ የጎብኚ ወራት እንደ ክረምት ተለይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ይቀራል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርዶ የሚመለሰው ልጅም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ምክር የሚሰጠው ማነው? ምናልባት ቀድሞ የሄደው ታላቅ ወንድም እንጂ አባት አይደለም። ምክረ አበው ወደ ምክረ አኀው እየተለወጠ ከሆነ፣ ይህ ለውጥ ለኢትዮጵያ ባህል ጥናት ከትንሽ ነገር የሚቈጠር አይደለም።

ስለዚህ ከተማሪዎቻችን መካከል ወደዚያ አገር የሚወርድ ወይም የሚወጣ ቢኖር የምሳሌዎችን ዝርዝር ይዞ እንዳይመለስ እንመክረዋለን። ዝርዝሩ በአዲስ አበባም ይገኛል። የሚያስፈልገው ቃሉን ማን ለማን፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን በጠፋበት ወይም ምን በተገኘበት ቀን እንደ ተናገረው፣ ሰሚውም ምን እንዳደረገ፣ ከሦስት ዓመት በኋላስ ቤቱ እንዴት እንደ ሆነ የሚገልጽ መዝገብ ነው። ከአንድ ቤት ሦስት ትውልድ ቢገኝ፣ አያት ስለ ጠገራና ስለ ርስት፣ አባት ስለ ድልድልና ስለ ካሳ፣ ልጅ ስለ ጎብኚና ስለ ሰሊጥ የሚናገሩትን ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። እናቶችና ሴቶች ልጆችም ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ወንዶች ባሉበት ስለ መቀነት ጫፍ የሚነገር የለምና። ከግጭ የመጡት ቤቶች በተለይ ሳይዘገይ ቢጠየቁ ይበጃል። ካሳውን የተቀበሉት ሽማግሌዎች እያለፉ ናቸው፤ ከሰፈራው ወዲህ በደባርቅ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ሜዳውን ሳያዩ ምክር ወደሚሰጥበት ዕድሜ በመድረስ ላይ ይገኛሉ።